ደኑ ሳይቆረጥ እንዲያበላ



ባለፈው ዓመት በአንድ አጥቢያ ተገኝተን ስለ ሥራችን ስናስረዳ፣ አንድ እናት ከኋላ ወንበር ተነሥተው፣ «የመዠንግር ሕዝብ የሚኖረው ደን ውስጥ አይደለም እንዴ? ደን ላለው ሕዝብ ችግኝ ማጓጓዝ ለዓባይ ውኃ መቅዳት አይሆንም ወይ?» ሲሉ ጠየቁን። ጉባኤው ሳቀ፤ እኛም አብረን ሳቅን። ይሁን እንጂ የእናታችን ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው። እኛ ራሳችን ሥራውን ስንጀምር ይህን ሳንጠይቅ በመግባታችን አንድ ሙሉ ክረምት ከስረናል። ስለዚህ ለእኚያ እናትና እንደ እርሳቸው ለሚያስቡ ሁሉ፣ የደን እርሻ ማለት ምን እንደ ሆነ፣ የሙከራ ማሳዎቻችን እንዴት እንደሚሠሩና ምን እንዳስተማሩን በዚህ እትም ለመግለጽ እንወዳለን።

ሕዝቡና ደኑ

የመዠንግር ሕዝብ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በጋምቤላ ክልል በጎደሬና በመንገሺ ወረዳዎች በብዛት ይኖራል፤ ከዚያም አልፎ በአጎራባቹ በሸካ በኩል ይገኛል። የዞኑ ከተማ ሜጢ ናት። አገሩ ዝናብ የማያጣው፣ ከሩቅ ሲያዩት ዛፍ በዛፍ ላይ የተደረበ የሚመስል ለምለም አገር ነው።

የሕዝቡ ኑሮ ከጥንት ጀምሮ በሁለት ነገሮች ላይ ቆሟል። አንደኛው ተዘዋዋሪ እርሻ ነው። ቤተሰቡ ጥቂት ቦታ መንጥሮ በቆሎና ማሽላ ይዘራል፤ ጎደሬና ቦዬ ይተክላል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መሬቱ ሲደክም ትቶት ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። የተተወው መሬት ቁጥቋጦ ያበቅላል፤ ቆይቶም ዛፍ ይይዛል፤ ጉልበቱም ይመለስለታል። ሁለተኛው ማር ነው። ወንዶቹ ግንድ ፈልፍለው ቀፎ ይሠሩና ወደ ረጃጅም ዛፎች ወጥተው ይሰቅሉታል። ቀፎ የሚሰቀልባቸው የደን ክፍሎች ባለቤት አላቸው፤ መብቱም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል።

ይህ ሁሉ ግን ለእንግዳ ዓይን አይታይም። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ያንን ያረፈ መሬት ሲያይ «ባለቤት የሌለው፣ ጦሙን ያደረ መሬት ነው» ይላል። ብዙው ችግር የተወለደው ከዚህ አስተያየት ነው።

አደጋው ከየት መጣ?

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ፣ ረኃብ ያፈናቀላቸው ብዙ ቤተሰቦች በመንግሥት የሰፈራ ፕሮግራም ወደ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ መጡ። በዚያው በደርግ ዘመን የመዠንግር ቤተሰቦችም ተበታትነው ከሚኖሩበት ደን ወጥተው በመንደር እንዲሰበሰቡ ተደረገ። ከዚያም ወዲህ ቡና ገንዘብ እያወጣ ሲሄድ በራሱ ፈቃድ መሬት ፈልጎ የሚመጣው ሰው በዛ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በጎደሬ ወረዳ ከ3,000 ሄክታር በላይ የደን መሬት ለሻይ ተክል ለባለሀብት ተሰጠ። የአካባቢው ሽማግሌዎች አዲስ አበባ ድረስ መጥተው አቤት ማለታቸውና የዚያን ጊዜው ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስም ደኑ እንዳይነካ በደብዳቤ መጠየቃቸው ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ነው። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ በነባሩ ሕዝብና በሰፋሪዎች መካከል ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ብዙዎችም ከቀያቸው ተፈናቀሉ። በመሬት ላይ ሲከማች የኖረው ቅሬታ ለዚህ አንዱ ምክንያት ነበር።

ይህን የምንጽፈው ሰፋሪውን ለመክሰስ አይደለም። ሰፋሪውም ረኃብ ያባረረው፣ ለልጆቹ እንጀራ የሚሻ ወገናችን ነው። ነገር ግን የደኑ ጉዳይ የዛፍ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ፣ የሰላምም ጉዳይ እንደ ሆነ አንባቢያችን እንዲረዳልን ነው።

በ2009 ዓ.ም. የመዠንግር ደን በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዘገበ። በዚህ አሠራር ደኑ በሦስት ቀጠና ይከፈላል። መካከለኛው ጨርሶ የማይነካ ነው፤ በዙሪያው ያለው ደኑን የማይጎዳ ሥራ ብቻ የሚፈቀድበት መከላከያ ነው፤ የውጭው ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት የልማት ቀጠና ነው። ምዝገባው ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም መዝገብ ብቻውን ደን አይጠብቅም። ደኑን የሚጠብቀው አጠገቡ የሚያድረው ሰው ነው።

የሐምሌ ጥያቄ

ታዲያ አጠገቡ የሚያድረው ሰው ደኑን ለምን አሳልፎ ይሰጣል? አንድ ምሳሌ እንንገራችሁ።

በምንሠራበት ቀበሌ የሚኖሩ አንድ አባት በሐምሌ ወር ሴት ልጃቸው ታመመችባቸው። በሐምሌ በቆሎው ገና አልደረሰም፤ የቡናው ገንዘብ ካለቀ ቆይቷል፤ መንገዱ ጭቃ ነው። ልጅቷን ወደ ሕክምና ለመውሰድ ገንዘብ አስፈለገ። አባትየው ከአባታቸው የወረሱትን የቀፎ ቦታ፣ ቡና ለመትከል ለሚፈልግ ሰው በወረቀት ተፈራርመው ለዓመታት አከራዩት። ተከራዩም ከሥር ያለውን ሁሉ መነጠረ፤ ጥቂት ትልልቅ ዛፎችን ብቻ አስቀረ። «ልጄ ድናለች፤ ደስ ይለኛል። ወንዶች ልጆቼ ግን ቀፎ የሚሰቅሉበት ቦታ የላቸውም» አሉን።

እንግዲህ ደን የሚጠፋው ሁልጊዜ በስግብግብነት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በሐምሌ ወር፣ ልጅ ሲታመም ነው። እኛም ከዚያ ወዲህ የሥራችንን መለኪያ በአንድ ጥያቄ ጠቅልለነዋል፤ ይኸውም «በሐምሌ ልጅ ቢታመም፣ ዛፍ ሳይቆረጥ፣ መሬትም ሳይከራይ የሚሸጥ ምን አለ?» የሚል ነው።

ለመሆኑ የደን እርሻ ምንድን ነው?

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

የደን እርሻ የሚባለው፣ ደኑ እንዳለ ሆኖ ከጥላው ሥር የሚወደውን ተክል ማልማትና ከደኑ የሚገኘውን መሰብሰብ ነው። ኮረሪማ፣ ጥምዝና ማር የዚህ ዓይነት ሀብት ናቸው። ኮረሪማ የዚሁ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ተወላጅ ነው፤ እርጥበትና ጥላ ይወዳል፤ ፀሐይ ላይ ቢያወጡት ይጠወልጋል። ጥምዝም እንዲሁ በእርጥብ ደን ውስጥ የሚገኝ ቅመም ሲሆን በየቤታችን በበርበሬና በመከለሻ እናውቀዋለን።

ጥምር የደን እርሻ የሚባለው ደግሞ ቀድሞ በተመነጠረ መሬት ላይ ዛፍን፣ የምግብ ሰብልንና የገበያ ሰብልን አንድ ላይ ማብቀል ነው። በላይ ረጃጅም ዛፎች፣ በመካከል ቡና፣ ሙዝና የፍራፍሬ ዛፍ፣ በታች ጎደሬ፣ ቅመምና ቅጠላ ቅጠል ይሆናል። የዛፉ ሥር ጥልቅ፣ የሰብሉ ሥር ቅርብ ስለሆነ ብዙ ሳይሻሙ ይኖራሉ። የሚረግፈው ቅጠል ማዳበሪያ ይሆናል፤ ጥላውም እርጥበት ይይዛል፤ ጎርፍም አፈሩን አያጥብም።

ይህ አሠራር ከውጭ የመጣ አይደለም። የሳይንስ ሰዎች ስም አውጥተውለት፣ ናይሮቢን መቀመጫው ያደረገ ዓለም አቀፍ የምርምር ድርጅት ያቋቋሙለት በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው። የጌዴኦ ገበሬ ግን እንሰትን፣ ቡናንና የአገር ዛፍን በአንድ ማሳ ሲያኖር ዘመናት አስቆጥሯል። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም ስለዚህ ጥበብ ነው።

የመጀመሪያው ክረምት ጥፋታችን

አሁን ስለ ራሳችን ጥፋት እንናገር። በመጀመሪያው ዓመት መኪና ሙሉ የቡናና የግራቪሊያ ችግኝ፣ ከጣውላ የተሠሩ ዘመናዊ ቀፎዎችም ይዘን ገባን። «ጦሙን ያደረ» መስሎ የታየንን ቦታ መረጥን፤ ወጣቶችን ሰብስበን ቁጥቋጦውን አስመነጠርን፤ ችግኙን በመስመር ተከልን። ፎቶግራፍም አነሣን።

ዝናቡ አቆመ። የጥርና የየካቲት ፀሐይ ጥላ ያልነበራቸውን የቡና ችግኞች አቃጠላቸው። ከመሬት ዝቅ ብለው የቆሙትን ቀፎዎች ጉንዳን ወረራቸው፤ የገባው ንብም ጥሎ ሄደ። ከሁሉ የከፋው ግን ቦታው ባለቤት የነበረው መሆኑ ነው። አንድ አዛውንት መጥተው ማሳውን ዙሪያውን አዩትና፣ «ይህ መሬት ተኝቶ ነበር፤ እናንተ ቀሰቀሳችሁት» አሉን። ቦታው እርሳቸው አርሰው ያሳረፉት፣ ለልጃቸው ያቆዩት ኖሯል። ቀስቅሰነው ግን ምንም አላበላነውም።

ይቅርታ ጠየቅን። ከዚያም መጀመሪያ ማድረግ የነበረብንን በመጨረሻ አደረግን፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር ደኑን በእግር ዞርን። ሴቶቹንም ለብቻቸው ሰብስበን ጠየቅን፤ ኮረሪማውን የሚለቅሙት፣ ጎደሬውን የሚተክሉት፣ የረኃብ ወር ቅጠልን የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። በመሬት ላይ 12 ድንጋይ ደርድረን እያንዳንዱን ወር በስሙ ጠራነው። ከእያንዳንዱ ድንጋይ አጠገብ በዚያ ወር የሚገኘውን አስቀመጡልን፤ የቡና ፍሬ፣ የበቆሎ ዛላ፣ የሰም ቁራጭ። የሰኔና የሐምሌ ድንጋዮች አጠገባቸው ባዶ ነበር። የሙከራ ማሳው ንድፍ የወጣው ከዚያ ባዶ ቦታ ነው።

ማሳው እንዴት ይተከላል?

አሁን የምንከተለው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ያልተነካ ደን ውስጥ ማሳ አንከፍትም። ቀድሞ በተመነጠረና ባለቤቱ በሽማግሌዎች ፊት በታወቀ መሬት ላይ ብቻ እንሠራለን። ቡና ከደን ሥር መትከል ደን መጠበቅ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ፤ ነገር ግን ቡናው እንዲበዛ ሥሩ በየዓመቱ ሲመነጠር ትንንሾቹ የዛፍ ቡቃያዎች አብረው ያልቃሉ። ሽማግሌው ዛፍ በወደቀ ቀን የሚተካው የለም።

ሁለተኛ፣ ከቡናው አስቀድሞ ጥላውን እናዘጋጃለን። ሙዝና የርግብ አተር በመጀመሪያው ዓመት ቶሎ ጥላ ይሰጣሉ፤ እነርሱም ይበላሉ። የቋሚው ጥላ ዛፍ ከዚያው ከአገሩ የሚገኝ ነው። ሳሳና ብርብራ ሣሣ ያለ ጥላ የሚሰጡ፣ ምድሪቱንም የሚያዳብሩ ናቸው። ዋንዛ ለንብ አበባ፣ ለልጅ ልጅ ደግሞ ጣውላ ይሆናል። ብሳና ቶሎ ያድጋል፤ ንብም ይወደዋል። ብዙዎቹን በችግኝ አንተክላቸውም፤ በራሳቸው የበቀሉትን ለይተን ምልክት አድርገን እንጠብቃቸዋለን። ይህ ገንዘብ አያስወጣም።

ሦስተኛ፣ የምግብ ሰብሉ አይቋረጥም። ቤተሰቡ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በቆሎውንና ጎደሬውን ከዚያው ከማሳው ያገኛል። ለነገ ተብሎ ዛሬን የሚያስርብ ማሳ «ላም አለኝ በሰማይ» ማለት ነው።

አራተኛ፣ ቡናው ይተከላል። ጉድጓዱ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀትና ስፋት ኖሮት ከመትከያው 2 ወይም 3 ወር አስቀድሞ ይቆፈራል፤ አፈሩ ይናፈሳል፤ ከዚያ ለም የሆነው የላይኛው አፈር ወደ ታች ይገባል። የመጀመሪያውን ፍሬ ለማየት 3 ወይም 4 ዓመት ያስፈልጋል።

አምስተኛ፣ በጥላው ሥር ኮረሪማ ይገባል። ከዘር የበቀለ ኮረሪማ እስኪያፈራ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይወስዳል፤ ከእናቱ ሥር ተገንጥሎ የተተከለው ግን ይቀድማል። ይህን ያስተማሩን ሴቶቹ ናቸው። ፍሬው ቀልቶ ሳይበስል ከተለቀመ ሽታውን ያጣል፤ ነጋዴም ዋጋውን ይሰብራል። ሰው ግን ሌባ ይቀድመኛል ብሎ ሳይደርስ ይለቅማል። ስለዚህ ጎረቤታሞች በአንድ ቀን ለመልቀም ተስማምተው የቀጠሮ ቀን ቆርጠዋል። ይህች ትንሽ ስምምነት ከብዙ ሥልጠና የበለጠ ጠቅማለች።

ስድስተኛ፣ ቀፎው ወደ ዛፉ ይመለሳል። የባህላዊውን ቀፎ አሠራር አልቀየርንም። የረዳነው ማሩ ሲቆረጥ ጢስ እንዳይበዛበት፣ እጩ ከማሩ እንዲለይ፣ ሰሙም እንዳይጣል ነው። በሸካና በከፋ ደጋማ ደኖች ጌተም የተባለው ዛፍ አበባ የሚሰጠው ነጭ ማር ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ይቆረጣል፤ ከሌላው ማር የበለጠም ይፈለጋል። ዛፉ እንደ ቆመ ገንዘብ ለመሆኑ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ስለምን ቡና ብቻ አይሆንም?

«ቡና ገንዘብ ከሆነ ሁሉንም ቡና አታደርጉትም?» የሚሉን ወጣቶች አሉ። ሁለት ነገር እንመልስላቸዋለን።

አንደኛው ነገር ቡና በአንድ ወቅት ብቻ ይሸጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሁሉም ገበያ ያወጣዋል፤ ገንዘቡም እስከ ሐምሌ አይደርስም። ኮረሪማ፣ ጥምዝና ማር ግን በአግባቡ ከተያዙ ተቀምጠው ይቆያሉ። ጥምዝ ከምድጃ በላይ በጢስ ይደርቃል፤ ኮረሪማ በክር ተሰክቶ ይሰቀላል፤ ማር በእንስራ ይቀመጣል። ችግር በመጣ ቀን ይወርዳሉ። በደን አጠገብ ለሚኖር ሰው ባንኩ ይህ ነው።

ሁለተኛው ነገር በአንድ ተክል ላይ ብቻ የተደገፈ በአንድ በሽታ ይወድቃል። በ1963 ዓ.ም. የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን ሲገለጥ ገበሬው ፍሬው እየጠቆረ ሲረግፍ ቆሞ ከማየት በቀር ምንም ማድረግ አልቻለም ነበር። መድኃኒቱ የተገኘው ከደን ነው። የጅማ ተመራማሪዎች በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሽታውን የሚቋቋሙ የቡና ዛፎችን ፈልገው መረጡ። ዛሬም ገበሬ የሚተክላቸው 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች በኢሉባቦር ከሜቱ አካባቢ የተገኙ ናቸው፤ የቁጥራቸው መነሻም የተመረጡበት 1974 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ደኑ ባይኖር ኖሮ ያ ቡና ከየት ይገኝ ነበር? እንግዲህ በመዠንግር፣ በሸካና በከፋ የሚቆመው ደን የሐረርንም የሲዳማንም ቡና ገበሬ የሚመለከት ነው።

የመብቱ ነገር

ዛፍ የሚተክል ሰው የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «የማን ይሆናል?» የሚለው ነው። መልስ ያላገኘ ሰው ለልጅ ልጁ ዋንዛ አይጠብቅም።

በአዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደን ከግል፣ ከማኅበራትና ከመንግሥት ደን ጋር በሕግ የታወቀ የደን ዓይነት ሆኗል። ይኸውም አንድ ማኅበረሰብ ተደራጅቶ፣ የደኑን ወሰን አስለይቶ፣ የአያያዝ ዕቅድ አውጥቶ በስሙ ሊያስመዘግብና ሊጠቀምበት የሚችልበት መንገድ አለ ማለት ነው። ይህ በወረቀት ቀላል ይመስላል፤ በሥራ ግን ብዙ ቀን ያስኬዳል። ወሰን የሚታወቀው በሽማግሌ ቃል፣ በወንዝና በዛፍ ነው፤ ጽሕፈት ቤት የሚፈልገው ካርታ ነው። ከሥራችን ከፊሉ ሽማግሌው የሚያውቀውን ወሰን ጽሕፈት ቤቱ በሚያነበው ካርታ ላይ ማስፈር ነው። ወሰኑ ሲለይም ሰፋሪዎቹ ጎረቤቶች ይጠራሉ። ከሙከራ ማሳዎቹ ጥቂቶቹ በእነርሱ እጅ ናቸው። ወሰን ለአንዱ ተነግሮ ለሌላው ከተደበቀ፣ ነገ ጠብ ይሆናል።

ያልተፈታው

ሁሉ ተሳክቷል ብለን ብንጽፍ እንዋሻለን። ሴቶች ኮረሪማውን ያለማሉ፤ መሬቱ ግን በባል ስም ነው። ባል ሲሞት ወይም ሌላ ሲያገባ የእርሷ ድካም ወዴት እንደሚሄድ ገና ከሽማግሌዎቹ ጋር እየተነጋገርንበት ነው። መሬት ማከራየትም አልቆመም፤ ሞተር ብስክሌት የሚፈልግ ወጣት የ4 ዓመት ቡና አይጠብቅም። የኮረሪማ ዋጋም በነጋዴው እጅ ነው። ጥቂት ቤተሰቦች አንድ ላይ አከማችተው መሸጥ ጀምረዋል፤ ነገር ግን ችግር የጠናበት ሰው ተራውን መጠበቅ ይከብደዋል።

ደግሞም አራት ዓመት ለደን ምንም አይደለም። የሙከራ ማሳ «ሙከራ» የተባለው ስለዚህ ነው። ዋንዛው ጥላ ሳይጥል እኛ ተሳክቶልናል ልንል አንችልም።

እንግዲህ ለእኚያ እናት

እናታችን፣ ትክክል ብለዋል። ደን ላለው ሕዝብ ችግኝ ብቻ መውሰድ ለዓባይ ውኃ መቅዳት ነው፤ እኛም አንድ ክረምት ቀድተናል። የላካችሁልን ገንዘብ አሁን የሚውለው ለጥቂት ችግኝ፣ ለብዙ የእግር ጉዞ፣ ለወሰን ልየታ፣ ለማርና ለኮረሪማ ማከማቻ ነው። ይህ ፎቶግራፍ ሲነሣ አያምርም፤ ነገር ግን እውነተኛው ሥራ ይህ ነው።

ባለፈው ሐምሌ በአንድ የሙከራ ማሳ ባለቤት ቤት ሕፃን ታመመ። እናቲቱ ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን የኮረሪማ ክር አወረደች፤ ከጓዳም አንድ እንስራ ማር አወጣች። ባልየው እነርሱን ይዞ ገበያ ወረደ፤ በማግስቱም ሕፃኑን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ከቤታቸው በስተጀርባ ያለው የቀፎ ቦታ ዛሬም እንደ ቆመ ነው።

ይህ የአንድ ቤት፣ የአንድ ሐምሌ ነገር ነው።